የኮምፒውተር ፍጥነት ሲጨመር፦ ትርፉና ኪሳራው



ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዒድ ዘመድ ጥየቃ ወደ ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ ሄደን ነበር። ካረፍንበት ቤት አጠገብ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ከእርሷ ጋር አጥር ለአጥር የሚዋሰን የእህል ወፍጮ አለ። የሁለቱ ቤት አባወራዎች ቡና ተጠራርተው የሚጠጡ፣ ኀዘንና ደስታ የሚጋሩ የረጅም ጊዜ ጎረቤታሞች ናቸው። እኛ በደረስንበት ሰሞን ግን ተኮራርፈው አገኘናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጽሕፈት ቤቷ ሥራ የሚካሄደው በአንዲት ኮምፒውተር ነው። ማመልከቻ፣ የውል ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ፈተና ሁሉ የሚጻፈው በእርሷ ነው። የሰባት ሰው ቤተሰብም የሚተዳደረው በእርሷ ነው። ታዲያ ይህች ኮምፒውተር ለአንድ ወር ያህል በሥራ መሐል ድንገት እየጠፋች ትነሣ ጀመር። አንድ ቀን ተጽፎ ሊያልቅ የነበረ የፈተና ወረቀት እንዳለ ጠፋ። ሌላ ቀን ደግሞ ማታ የተቀመጠ ፋይል ጧት ላይ «ተበላሽቷል» ብሎ አልከፈት አለ። ደንበኞችም ወደ ሌላ ቤት መሄድ ጀመሩ።

የቤቱ የበኩር ልጅ፣ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራውን የያዘው ወጣት፣ ጥፋቱን በወፍጮው ላይ አደረገው። ምክንያቱም ለሁሉም የሚታይ ነበር። የወፍጮው ሞተር ሲነሣ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል። አባትም ይህን ይዘው ወደ ጎረቤታቸው ሄዱ።

«ወፍጮህ ዕቃዬን ጨረሰው፤ እንጀራዬን ዘጋህብኝ» አሏቸው።

ባለ ወፍጮውም «ወንድሜ፣ ወፍጮዬን ከተከልሁ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ያልነካ መብራት ዛሬ ምን ሆኖ ነካህ?» ሲሉ መለሱ።

ቃል ቃልን እየወለደ ሄዶ፣ በመጨረሻ ጉዳዩ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሽማግሌ ፊት እንዲታይ ቀጠሮ ተያዘ። ሐሙስ ማታ፣ ከመካከላችን ኮምፒውተር በመጠገን የሚተዳደረው ወንድማችን ልጁን «እስቲ ባዮሱን ክፈትና አሳየን» አለው። ልጁ ጥቂት አቅማማ። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ እኔ ኦቨርክሎክ አድርጌዋለሁ፤ ለአባቴ ግን አልነገርሁትም» አለ።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የዚያች ማታ ነገር ነው። በየቤቱ ኮምፒውተር የገባላቸው ወጣቶቻችን ስለ ኦቨርክሎክ ከጓደኛ ይሰማሉ፣ በቪዲዮም ያያሉ። ወላጆች ግን ነገሩ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው የለም።

ለመሆኑ ኦቨርክሎክ ምንድን ነው?

ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ አእምሮ ነው። ሥራውን የሚሠራው በምት ነው። በአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ከመታ አንድ ሜጋኸርዝ፣ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ከመታ አንድ ጊጋኸርዝ ይባላል። ይህ ፍጥነት የሚገኘው ሁለት ቁጥሮችን በማባዛት ነው። በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች የመነሻው ምት ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ማባዣው 39 ከሆነ ፕሮሰሰሩ በ3900 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በ3.9 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ከፍ አድርጎ ፕሮሰሰሩን አምራቹ ከወሰነለት በላይ ማሠራት ኦቨርክሎክ ይባላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። የመነሻው ምት 66 ሜጋኸርዝ፣ ማባዣው 4.5 ስለነበር ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርዝ ነበር። ብዙዎች የመነሻውን ምት ወደ 100 ከፍ ቢያደርጉት 450 ሜጋኸርዝ ሆኖ ሲሠራላቸው አዩ። በርካሽ ዋጋ የውድ ዕቃ ሥራ ተገኘ ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተወራ፤ ኦቨርክሎክም በወጣቶች ዘንድ ዝነኛ የሆነው በዚህ ዓይነት ነው።

በዚያው በ1990ዎቹ ግን ሌላም ነገር ታየ። አንዳንድ ነጋዴዎች በዝቅተኛ ፕሮሰሰር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፍቀው የከፍተኛውን እየጻፉበት ለማያውቅ ሰው በውድ ይሸጡት ነበር። አምራቾች ማባዣውን መቆለፍ የጀመሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ዛሬ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች መካከል ፍጥነታቸው በማባዣው የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ በስማቸው መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ያለባቸው ናቸው። ኤኤምዲ በበኩሉ ከ2017 ጀምሮ ባወጣቸው አብዛኞቹ የዴስክቶፕ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ላይ ማባዣውን ክፍት ትቶታል።

አምራቹ ለምን ትርፍ ይተዋል?

«ፕሮሰሰሩ በ4.6 መሥራት ከቻለ አምራቹ ለምን በ3.9 ወሰነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ፕሮሰሰሮች እንኳ እንደ አንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ይሆናል። አምራቹ ቁጥሩን ሲወስን ደካማውንም ያስባል። ከዚህም ሌላ ዕቃው በሞቃት ቤት ሊቀመጥ፣ በአቧራ ሊታፈን፣ ሊያረጅ፣ መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት አገር ሊሠራ እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ ያስቀምጣል። ኦቨርክሎክ የሚያደርግ ሰው የሚበላው ይህን ስንቅ ነው። ስንቁ ያለቀበት ሰው ደግ ቀን እስከሆነ ድረስ ምንም አይሰማውም። የጎደለው የሚታወቀው ክፉው ቀን ሲመጣ ነው።

ቮልቴጁስ ምን ሥራ አለው?

በደቦ ቤት ሲሠራ ሰዎች ተሰልፈው ድንጋይ ሲቀባበሉ አይታችሁ ይሆናል። አንዱ ያጨበጭባል፤ በጭብጨባው ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። አጨብጫቢው እያፈጠነ ሲሄድ የአንዱ ደካማ ሰው እጅ ከጭብጨባው ይዘገይና ድንጋዩ ይወድቃል። በፕሮሰሰር ውስጥ ጭብጨባው ፍጥነቱ ነው፤ እጆቹ ደግሞ ትራንዚስተር የሚባሉት በመቶ ሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ረቂቅ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። እጆቹን የሚያበረታው ምግብ ቮልቴጅ ነው። ቮልቴጅ ሲጨመር ትራንዚስተሮቹ ፈጥነው ይገለባበጣሉ፤ ስለዚህ ለፈጠነው ጭብጨባ ይደርሳሉ።

ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውም ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በራሱ ተባዝቶ ይጨምራል። የወገዳው ልጅ ኮምፒውተር ኮር አይ 5 6600ኬ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ፕሮሰሰር ነበረው። የአምራቹ መደበኛ ፍጥነት 3.5 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ሥራ ሲበዛበት በራሱ እስከ 3.9 ይወጣል። ልጁ ወደ 4.6 አወጣው። ይህን ፍጥነት በዚያ ፕሮሰሰር ለማጽናት ከ1.2 ቮልት ወደ 1.38 ቮልት መውጣት ቢያስፈልግ ምን ይሆናል? ፍጥነቱ በ18 በመቶ ይጨምራል። ሙቀቱ ግን በ56 በመቶ ያድጋል። ትርፉ ሩብ እንኳ ሳይሞላ ወጪው ከግማሽ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ልጁ ሙቀቱን ፈርቶ ቮልቴጁን በ1.28 አቆመው። ኮምፒውተሩም ተነሣ፤ ዊንዶውስ ተከፈተ፤ ለሁለት ሳምንትም ያለ ችግር ሠራ። ያታለለውም ይኸው ነው።

በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው «ወፍጮ»

የጎረቤት ወፍጮ ሲነሣ አምፖል የሚደበዝዘው ሞተሩ በመነሻው ላይ ብዙ ከረንት በአንድ ጊዜ ስለሚስብ ነው። ይህ ከአጥር ውጭ የሚታይ ነገር ነው። በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር በየቅጽበቱ ይፈጸማል።

ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ወደ 12 ቮልት ያወርደዋል። ማዘርቦርዱ ደግሞ ያንን ወደ 1.2 ቮልት ገደማ አውርዶ ለፕሮሰሰሩ ይሰጣል። 6600ኬ ፕሮሰሰር በአምራቹ ልክ 91 ዋት ነው። ይህን ያህል ኃይል በ220 ቮልት መስመር ላይ ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። በ1.2 ቮልት ላይ ግን ወደ 76 አምፔር ይሆናል። ይህን የሚያህል ከረንት በቀጭን መንገድ ሲያልፍ፣ ፕሮሰሰሩ ከዕረፍት ወደ ከባድ ሥራ በተሻገረ ቁጥር ቮልቴጁ ለቅጽበት ዝቅ ይላል። በባዮስ ላይ 1.28 ተብሎ የተጻፈው በሥራ ሰዓት 1.28 ሆኖ አይገኝም። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ሎድ ላይን ካሊብሬሽን የሚባለው ማስተካከያ የተቀመጠው ይህን ዝቅታ ለመቀነስ ነው። እርሱንም ከመጠን በላይ ከፍ ማድረግ ሥራው ሲቀል ቮልቴጁ ወደ ላይ እንዲዘል ስለሚያደርግ ጉዳት አለው።

ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ፣ ወይም አንድ ማመልከቻ ሲጻፍበት የጸና መስሎ ይታያል። ከባድ ሥራ ሲመጣ፣ ቮልቴጁ ዝቅ ሲልና ሙቀቱ ሲወጣ፣ የደቦው ድንጋይ ይወድቃል።

«ተነሣ» ማለት «ጸና» ማለት አይደለም

ድንጋይ ሲወድቅ ሁልጊዜ ድምፅ አያሰማም። ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ቢያሳይ ይሻላል፤ ስሕተቱ ታወቀ። የሚከፋው ፕሮሰሰሩ የተሳሳተ ሒሳብ ሠርቶ ምንም እንዳልሆነ ሲቀጥል ነው። የተሳሳተው ቁጥር በፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ ፋይሉም ይቀመጣል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው በማግሥቱ አልከፈት ሲለው ነው።

የማይክሮሶፍት ነባር ፕሮግራመር የሆነው ሬይመንድ ቼን እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሚያስገርም ነገር ጽፏል። ከተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ከሚመጡት የብልሽት ሪፖርቶች መካከል፣ ፕሮሰሰሩ አንድን ቁጥር ዜሮ እንዲያደርግ በታዘዘበት ቦታ ላይ የወደቁ ተገኙ። ይህ ትእዛዝ ሊሳሳት የማይችል፣ ቀላል ከሚባሉት ሁሉ የቀለለ ነው። ሲጣራ ምክንያቱ ኦቨርክሎክ ሆኖ ተገኘ። ከባለቤቶቹም መካከል ኮምፒውተራቸው ፍጥነቱ የተጨመረ መሆኑን ፈጽሞ የማያውቁ ነበሩ፤ ያደረገው የሸጠላቸው ሱቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የግል ኮምፒውተሮችን የብልሽት መዝገብ አጥንተው ውጤቱን አሳተሙ። ፍጥነታቸው የተጨመረ ኮምፒውተሮች በፕሮሰሰር ስሕተት የሚወድቁበት ጊዜ በአምራቹ ልክ ከሚሠሩት እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ከአምራቹ ልክ በታች የሚሠሩት ደግሞ በልኩ ከሚሠሩትም የተሻሉ ሆኑ።

የዕውቀት ችግር ነው እንዳይባል፣ አምራቾቹ ራሳቸውም በቮልቴጅ ተሰናክለዋል። በ2023 ጸደይ አንዳንድ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከነማዘርቦርዳቸው መቃጠላቸው ተሰማ፤ ኩባንያውም ኤስኦሲ ለሚባለው ክፍል ቮልቴጅ የ1.3 ጣሪያ አበጀ። በጁላይ 2024 ደግሞ ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ የሚወድቁት ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ስለሚጠይቁ መሆኑን አስታወቀ። ማስተካከያውን በባዮስ ማደሻ አማካይነት አቀረበ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማደሻው ቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር ግን ሊመልሰው አልቻለም። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ያላችሁ ቤተሰቦች ባዮሱ የታደሰ መሆኑን ባለሙያ እንዲያይላችሁ አድርጉ።

የአገራችን አየርና መብራት

ከውጭ አገር ቪዲዮ ላይ የተቀዳ ቁጥር ወገዳ ላይ ላይሠራ ይችላል። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው አየሩ ነው። «የእኛ አገር ደጋ ነው፤ ብርዱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል» የሚል አለ። ግማሹ እውነት ነው። የጋይንት ደጋ ቀዝቃዛ ነው። ነገር ግን 3000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ስለሳሳ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። ብርዱ የሰጠንን ከፍታው በከፊል ይወስድብናል። ወደ አባይና ወደ በሽሎ ቆላ ለወረደ ሰው ደግሞ ብርዱም የለም።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ከወፍጮ ቤት አጠገብ ያለ ኮምፒውተር ዱቄትም ይጨመርበታል። ማራገቢያውና የሙቀት ማስወጫው ሲታፈን በመስከረም የጸናው ቁጥር በሚያዝያ ሊወድቅ ይችላል።

ሦስተኛው መብራት ነው። በምሽት ሁሉም ቤት ሲያበራና ሞተር ሲነሣ ከግድግዳው የሚመጣው ቮልቴጅ ዝቅ ይላል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ይህን ይችላል፤ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ግን የ12 ቮልቱን መስመር ሳይቀር ያናውጠዋል። ደንቡ የሚፈቅደው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ነው። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ለዚህ ይጠቅማሉ። ሆኖም ስታቢላይዘር የሚያርመው ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ነው፤ በባዮስ የተሳሳተውን 1.28 ሊያርም አይችልም።

የዚያች ማታ ምርመራ

ወደ ወገዳ እንመለስ። ሐሙስ ማታ ወፍጮው ተዘግቷል፤ አምፖሉም ሳይደበዝዝ በርቷል። ወንድማችን በፍላሽ ይዞት የመጣውን ፕራይም 95 የሚባል ፕሮግራም ጫነ። ይህ ፕሮግራም ከባድ ሒሳብ እያሠራ የፕሮሰሰሩን መልስ ከሚታወቀው ትክክለኛ መልስ ጋር ያመሳክራል። በ4.6 ጊጋኸርዝና በ1.28 ቮልት ሥራው ተጀመረ። 40 ደቂቃ ሳይሞላ ፕሮግራሙ ስሕተት አገኘሁ ብሎ አቆመ። ወፍጮው ተኝቷል፤ የወደቀው ፕሮሰሰሩ ነው።

ከዚያም ባዮሱ ወደ አምራቹ ልክ ተመለሰ። ፕሮግራሙ ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ አደረ። ለፈጅር ሶላት ስንነሣ አየነው፤ አንድም ስሕተት የለም።

የወፍጮው ሞተር ምንም አይነካም ማለታችን አይደለም። መብራቱን ያናውጣል። ነገር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሩ ይህን የቻለው ስንቁ ስላልተበላ ነበር።

ለሚሞክር ወጣት

ኮምፒውተሩ የራሱ የሆነና ለመማር የሚፈልግ ወጣት ሥርዐቱን ጠብቆ ቢሞክር ብዙ ዕውቀት ያገኛል። ሥርዐቱ የሚከተለው ነው።

1. ጠቃሚ ፋይሎችን ሁሉ በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ መገልበጥ። የባዮሱን ነባር ቁጥሮች በወረቀት መጻፍ። ኮምፒውተሩ አልነሣ ቢል ባዮሱ በማዘርቦርዱ ላይ ባለችው ክብ ባትሪ ወይም በማጥፊያው እንዴት ወደ ነበረበት እንደሚመለስ አስቀድሞ ማወቅ።

2. ውስጡን ከአቧራ ማጽዳት፤ ቴርማል ፔስቱ የደረቀ ከሆነ መቀየር። ከዚያም በአምራቹ ልክ እንዳለ መፈተን። በልኩ የማይጸና ኮምፒውተር ፍጥነት ሊጨመርለት አይገባም።

3. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ሜሞሪውን በመደበኛ ፍጥነቱ መተው።

4. ማባዣውን በአንድ፣ ማለትም በ100 ሜጋኸርዝ ከፍ ማድረግ፤ ለሃያ ደቂቃ መፈተን፤ ሙቀቱንና ውጤቱን በደብተር መመዝገብ። ሙቀቱን ኤች ደብልዩ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ማየት ይቻላል።

5. ሲወድቅ ቮልቴጁን በ0.01 ወይም በ0.02 ብቻ መጨመርና እንደገና መፈተን። ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ማቆም። ለ6600ኬ ዓይነቱ ብዙዎች ከ1.35 እስከ 1.4 ቮልት ያለውን እንደ ጣሪያ ይቆጥሩታል። ለሌላ ፕሮሰሰር ጣሪያው ሌላ ነው፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው ማድረግ አደጋ ነው።

6. ያለ ስሕተት የሠራው የመጨረሻ ቁጥር ከተገኘ በኋላ አንድ ደረጃ ወደ ታች መመለስ። ይህ ለክፉ ቀን የሚተው ስንቅ ነው።

7. ሌሊቱን ሙሉ መፈተን፤ መብራት በሚዋዥቅበት ምሽትም መፈተን። ከዚያ በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ የሃርድዌር ስሕተት የተመዘገበ መሆኑን ማየት። ኮምፒውተሩ ሳይወድቅ ስሕተት ከተመዘገበ አልጸናም ማለት ነው። በሞቃቱ ወር ፈተናውን መድገም።

መቀነስም ጥበብ ነው

ብዙ ወጣት የማያስበው ሌላ መንገድ አለ፤ ፍጥነቱን በአምራቹ ልክ ትቶ ቮልቴጁን በጥቂቱ መቀነስ ነው። ብዙ ፕሮሰሰሮች አምራቹ ከሚሰጣቸው ባነሰ ቮልቴጅ መሥራት ይችላሉ። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀንስ ሙቀቱ በ19 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ማራገቢያው ዝም ይላል፤ ዩፒኤሱ መብራት ሲሄድ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ይህም ቢሆን ከስንቁ ላይ የሚነሣ ስለሆነ ከላይ በተጻፈው ሥርዐት በጥቂት በጥቂቱ እየተፈተነ ብቻ ነው የሚደረገው።

ይህን በትልቅ ደረጃ የሚሠሩ በአገራችን ታይተዋል። በቅርብ ዓመታት የቢትኮይን ማውጫ ኩባንያዎች በአገራችን ኤሌክትሪክ ለመጠቀም ብዙ ማሽን አምጥተው ተክለዋል። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስም በፌብሩዋሪ 2024 ለዚሁና ለመሰል የመረጃ ሥራ የሚሆን የ250 ሚሊዮን ዶላር የመግባቢያ ስምምነት ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ጋር ተፈራርሟል። የዲጂታል ገንዘቡን ሸሪዓዊ ፍርድ ለዑለሞች እንተወውና፣ ከሥራው የምንማረው ነገር አለ። በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ለእያንዳንዱ ቺፕ የሚስማማውን ፍጥነትና ቮልቴጅ በጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ሲከብድ ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጋሉ። ትርፋቸው የሚመዘነው ማሽኑ በደረሰበት ከፍተኛ ቁጥር ሳይሆን ሳይወድቅ በሠራው ሰዓትና በፈጀው ኤሌክትሪክ ነው።

ለአንድ ቤት አንድ ኮምፒውተር

ለወላጆች የምንለው ይህን ነው። በፓወር ግዕዝ ማመልከቻ ለሚጻፍበት ኮምፒውተር ከ3.9 ወደ 4.6 መውጣት የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ ከሆነ አሮጌውን ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየርና ሜሞሪ መጨመር ከማንኛውም ኦቨርክሎክ የበለጠ ይጠቅማል። በገበያ ላይ ከሚሸጡት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ደግሞ ባዮሳቸው ፍጥነት መጨመርን ጨርሶ አይፈቅድም። ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዙ ባዮሱ ወደ አምራቹ ልክ እንዲመለስ አድርጉ፤ ከዚያ ፈትኑት። ለምትሸጡም ወገኖች፣ ፍጥነቱ የተጨመረ ከሆነ ለገዢው መናገር አማና ነው።

ለወጣቶቻችን ደግሞ የምንለው፣ በእጅህ ያለው ዕቃ የብዙ ሰው እንጀራ ከሆነ ለሙከራ አይሆንም። መማር ከፈለግህ ሌላ አሮጌ ዕቃ ፈልግ፤ ከነካህም ንገር። በምሥጢር የተለወጠ ቁጥር ሲሳሳት ጥፋቱ በማያውቀው ሰው ላይ ይወድቃልና።

ጁምዓ ጧት ልጁ ሁሉንም ለአባቱ ነገራቸው። አባት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በል ተነሥ፤ አብረን እንሄዳለን» አሉት። ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ክርክር አልነበረም። አባት ጎረቤታቸውን «ዐውፍ በለኝ፤ ሳላጣራ ተናገርሁህ» አሏቸው። ባለ ወፍጮውም የልጁን ራስ ዳሰሱና ቡና እንዲፈላ አዘዙ።

እኛ ከወገዳ እስከተመለስንበት ቀን ድረስ ባለ ወፍጮው ሞተሩን ከማስነሣታቸው በፊት በአጥሩ ላይ «ላስነሣ ነው!» ብለው ይጣሩ ነበር። ልጁም «እሺ አባባ!» ብሎ የሚጽፈውን ያስቀምጣል።